«ነፃ» የተባለውን ማን ይከፍልበታል? የቤት በጀት መያዣ የኢንተርኔት መሣሪያ አመራረጥ

(ለለጋሾችና የቲም ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች በተዘጋጀ የውይይት መድረክ ላይ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ርእሳችን ከወትሮው ለየት ያለ ነው። ስለ የቲሞች ትምህርት፣ ስለ ጤንነታቸውና ስለ አስተዳደጋቸው በየጊዜው ብዙ ይባላል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው እርዳታው ከሚነሳበት ቦታ፣ ይኸውም ከለጋሹ ቤትና ከቤቱ ሒሳብ ጀምሬ ነው።

ለአንድ የቲም በየወሩ ይህን ያህል እሰጣለሁ ብሎ ቃል የሚገባ ሰው፣ ቃሉን የሚገባው በቅን ልቡና ነው። ይሁን እንጂ የቤቱን ገቢና ወጪ በውል ሳያውቅ የተገባ ቃል ለመቋረጥ የተጋለጠ ነው። ወሩ ሳይጋመስ እጅ ያጥራል። የቤት ኪራይ ጠያቂ አለው፤ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያም ጠያቂ አለው፤ የመብራትና የውኃ ሒሳብም እንደዚሁ። ጠያቂ የሌለው ክፍያ ግን «ለሚቀጥለው ወር ይተላለፍ» ይባላል። ይህ ጠያቂ የሌለው ክፍያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የየቲሙ ድርሻ ነው። በወዲያኛው ቤት ያለችው እናት በበኩሏ ያንን ገንዘብ አስባ ከባለ ሱቁ ዱቤ ወስዳለች፤ ለልጇ ደብተር እገዛለሁ ብላለች። ለእኛ «የሚቀጥለው ወር» የሆነው ለእርሷ የዚህ ወር ቀለብ ነው።

በመሆኑም በጀት የስስት ምልክት አይደለም። ቃልን መጠበቂያ ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ በሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ብድርን በጽሑፍ ስለ መያዝ የሚናገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ገንዘብን መዝግቦ መያዝ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው። እንግዳ የሆነው መሣሪያው ነው። ዛሬ በእጅ ስልካችንና በኮምፒዩተር «በነፃ በጀትዎን ይያዙ» የሚሉ አገልግሎቶች እጅግ በርክተዋል። አንዱን ከሌላው ለይቶ መምረጥ ግን ቀላል አይደለም። በዚህ ንግግር ላስጨብጥ የምፈልገው ዋና ቁም ነገር አንድ ነው። የበጀት መሣሪያ የሚመረጠው በመልኩና በሥዕላዊ ሰንጠረዦቹ ውበት አይደለም። የሚመረጠው መዝገቡ የእኛው ሆኖ በመቅረቱና ቤተሰቡ ሳይሰለች ሊይዘው በመቻሉ ነው።

የአንድ ነፃ መሣሪያ ታሪክ

ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ በዓለም ላይ ስመ ጥር ከነበሩት ነፃ የበጀት መሣሪያዎች የአንዱን ታሪክ ላውሳ። አሮን ፓትዘር የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2007 «ሚንት» የተሰኘውን የበጀት ድረ ገጽ ለሕዝብ አቀረበ። ተጠቃሚው የባንክ ሒሳቡንና የክሬዲት ካርዱን ከድረ ገጹ ጋር ሲያገናኝ፣ መሣሪያው ወጪዎቹን ራሱ እየሰበሰበ ይህ የምግብ ነው፣ ይህ የነዳጅ ነው፣ ይህ የኪራይ ነው እያለ ይመድብለት ነበር። ተጠቃሚው አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ኢንቱዊት የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ኩባንያ ሚንትን በ170 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ተጠቃሚውን ምንም የማያስከፍል ነገር ስለምን 170 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል? መልሱ ከገቢው ምንጭ ይገኛል። ሚንት ገቢ ያገኝ የነበረው ለተጠቃሚዎቹ የክሬዲት ካርድ፣ የብድርና የመሳሰሉትን የገንዘብ አገልግሎቶች እያስተዋወቀ፣ ተጠቃሚው አገልግሎቱን ሲቀበል ከአቅራቢው ድርጅት ክፍያ በመቀበል ነበር። አሠራሩ በግልጽ የተነገረና ሕጋዊ ነው። ሆኖም ወጪውን ለመቆጣጠር ብሎ የገባ ሰው፣ በዚያው በር የአዲስ ብድር ግብዣ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው። ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ነገሩ ሌላ ትርጉም ይጨምራል። በወለድ ከሚሠራ ብድር ለመራቅ የሚጥር ቤተሰብ፣ ወለድ ያለበትን ብድር በየዕለቱ በፊቱ የሚዘረጋ መሣሪያ በቤቱ ማስቀመጥ አለበት ወይ ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ኢንቱዊት እ.ኤ.አ. በ2020 ክሬዲት ካርማ የተባለውን ሌላ ድርጅት የገዛ ሲሆን፣ በ2023 መገባደጃ ላይ ሚንትን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በመጋቢት 2024ም አገልግሎቱ ተቋረጠ። ተጠቃሚዎች ወደ ክሬዲት ካርማ እንዲዛወሩ ተጋበዙ፤ በሚንት የለመዱት በየወጪው ዓይነት ወርሃዊ በጀት የመመደብ አሠራር ግን በዚያን ጊዜ በአዲሱ ቤት አልነበረም። የዓመታት መዝገባቸውን ማትረፍ የፈለጉት ቀኑ ሳያልፍ ወደ ኮምፒዩተራቸው ገልብጠው ማስቀመጥ ነበረባቸው።

ይህ በሚንት ብቻ የደረሰ አይደለም። ዌሳቤ የተባለው የዚሁ ዓይነት ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀምሮ በ2010 ተዘግቷል። ማይክሮሶፍት ለረጅም ዓመታት ይሸጠው የነበረውን «መኒ» የተባለ የቤት ሒሳብ ፕሮግራም ሽያጭ በ2009 አቁሟል። በ2020 ከኤክሴል ጋር አያይዞ ያቀረበውን ሌላ የበጀት አገልግሎትም በ2023 ዘግቶታል። ታላላቅ ኩባንያዎችም ሳይቀሩ የሚያዋጣቸው መስሎ ሲታያቸው ይከፍታሉ፤ ሳያዋጣቸው ሲቀር ይዘጋሉ። እነርሱን ከመውቀስ ይልቅ ለእኛ የሚበጀው አንድ ነገር መያዝ ነው፤ መዝገባችን ከመሣሪያው ዕድሜ የረዘመ ዕድሜ እንዲኖረው ማድረግ ይገባናል።

ከመምረጣችን በፊት የምንጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች

አንደኛ፦ ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው?

«ነፃ» የሚለው ቃል ብዙ ትርጉም አለው። አንዳንዱ በማስታወቂያ የሚተዳደር ነው፤ የሚንት ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። አንዳንዱ ለሙከራ ብቻ ነፃ ነው። ለምሳሌ ዋይናብ የተባለው ታዋቂ የበጀት መሣሪያ ለ34 ቀናት ካስሞከረ በኋላ የአባልነት ክፍያ ይጠይቃል። አንዳንዱ ደግሞ ትንሹን ክፍል በነፃ ሰጥቶ ሰፊውን የሚያስከፍል ነው። ጉድበጀት የተባለው የፖስታ ዘዴ መሣሪያ በዚህ ረገድ ይጠቀሳል፤ በነፃው ክፍል የሚፈቀዱት ፖስታዎች ቁጥር የተወሰነ ነው። አንዳንዱም በበጎ ፈቃደኛ ባለሙያዎች ተሠርቶ ማንም እንዲጠቀምበት የተለቀቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለው ግኑካሽ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ከዚህ ወገን ነው። አራቱም አሠራሮች ሕጋዊ ናቸው። ነገር ግን የየትኛው ቤት እንግዳ መሆናችንን ሳናውቅ መግባት የለብንም። በድረ ገጹ ላይ ገቢው ከየት እንደሚገኝ በግልጽ ካልተጻፈ፣ ያንን መሣሪያ ትቶ ሌላ መፈለግ ይሻላል።

ሁለተኛ፦ ከእኛ ምን ይጠይቀናል?

በጀት ለመያዝ የሚያስፈልገው ገቢንና ወጪን መመዝገብ ብቻ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ መሣሪያዎች ከባንክ ሒሳብ ጋር በቀጥታ ይገናኛሉ፤ በመካከልም ይህንን የማገናኘት ሥራ የሚሠሩ ሌሎች ድርጅቶች አሉ። ከእነዚህ መካከል ፕሌድ የተባለው ከሚያስፈልገው በላይ የደንበኞችን መረጃ ሰብስቧል ተብሎ ተከስሶ፣ ጥፋቱን ባያምንም እ.ኤ.አ. በ2021 በ58 ሚሊዮን ዶላር ለመስማማት በቅቷል። በውጭ አገር የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች ባንካችሁን ከማገናኘታችሁ በፊት ይህንን አስቡ። ማገናኘቱ የግድ አይደለም፤ በእጅ መመዝገብም ይቻላል።

በአገር ቤት ላለን ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። አንዳንድ መተግበሪያዎች በስልካችን የሚገቡትን አጫጭር መልእክቶች ለማንበብ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ምክንያቱም ከባንክና ከቴሌብር የሚላኩት መልእክቶች ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ ስለሚናገሩ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ሳጥን ውስጥ ባንኩ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥርም ይገባል። መልእክታችንን የሚያነብ መተግበሪያ ይህንንም ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ ምንም ያህል ቢያመች ይህንን ፈቃድ አለመስጠት ይመረጣል። የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ የበጀት መሣሪያ ካጋጠማችሁ ደግሞ ያለ ምንም ማመንታት ከስልካችሁ አጥፉት። በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሆኖም የመረጃው የመጀመሪያ ጠባቂ ባለቤቱ ራሱ ነው።

ሦስተኛ፦ መዝገባችንን ይዘን መውጣት እንችላለን?

ይህ ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ አለበት። ሁለት ሦስት ወጪ መዝግቡና መዝገቡን ወደ ኤክሴል ወይም ወደ ተራ የሰንጠረዥ ፋይል ገልብጡ። ከዚያም በሌላ ኮምፒዩተር ክፈቱት። ቀኑ፣ የገንዘቡ መጠንና የወጪው ምክንያት በትክክል ከተነበቡ መሣሪያው ለቤት ይሆናል። መገልበጫ ከሌለው፣ ወይም የሚገለብጠው ለከፋዮች ብቻ ከሆነ፣ መግቢያ እንጂ መውጫ የሌለው ቤት ነውና አትግቡበት።

አራተኛ፦ ከአኗኗራችን ጋር ይስማማል?

ይህ ነጥብ በባዕድ አገር የተጻፉ መመሪያዎች የማይነኩት ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። አብዛኞቹ የውጭ መሣሪያዎች የሚያውቁት አንድ የዘመን አቆጣጠር ብቻ ነው። የእኛ ቤት ግን በሦስት አቆጣጠር ይመራል። የብዙዎቻችን ደመወዝ የሚከፈለው በኢትዮጵያ ወር ነው፤ ጳጉሜን ደግሞ አምስት ወይም ስድስት ቀን ሆና ደመወዝ ሳይኖራት ቀለብ ትጠይቃለች። የመስከረም የትምህርት መክፈቻ ወጪም ከእርሷው ጋር ተያይዞ ይመጣል። ረመዳንና ሁለቱ ዒዶች በሒጅራ አቆጣጠር ስለሚመጡ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደፊት ይቀድማሉ። ዘካም የሚታሰበው እንደዚሁ በጨረቃ ዓመት ነው። ኒሷብ የደረሰ፣ ይኸውም በወርቅ ሲታሰብ 85 ግራም የሚያወጣ ገንዘብ ዓመት ከሞላው 2.5 በመቶ ይወጣለታል። ዓመቱን በፀሐይ አቆጣጠር የሚቆጥር መሣሪያ ቀኑን ያዘገይብናል። ስለዚህ የወሩን መጀመሪያና መጨረሻ እኛው ልንወስን የምንችልበት፣ የወጪ ዓይነቶችንም በራሳችን ቋንቋና ስም ልንጽፍበት የምንችልበት መሣሪያ ያስፈልገናል።

የገንዘቡ ዓይነትም ሌላው ጉዳይ ነው። በውጭ አገር ያላችሁ ለጋሾች ገቢያችሁ በዶላር፣ በሪያል ወይም በዩሮ ሲሆን፣ የየቲሙ ወጪ በብር ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት በብር የተወሰነ የእርዳታ መጠን ለላኪው በዶላር ሲቀልለት፣ ለተቀባዩ ግን የዕቃ ዋጋ ሲወደድበት ያንኑ ያህል አይገዛለትም። ቃሉን በሁለቱም ገንዘብ ጎን ለጎን የሚጽፍ መዝገብ ይህንን ወዲያው ያሳያል። አንድ ገንዘብ ብቻ የሚቀበል መሣሪያ ግን ይሸፍነዋል።

ለየትኛው ቤት የትኛው?

ከላይ የተዘረዘሩትን ጥያቄዎች መሠረት አድርገን ስንመለከት፣ ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚበቃው ተራው የኢንተርኔት ሰንጠረዥ ነው። ጉግል ሺትስና የማይክሮሶፍት ኤክሴል የኢንተርኔት ቅጂ ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። በአማርኛ ይጻፍባቸዋል፤ በኤክሴል ፋይል ተገልብጠው ይወጣሉ። ወሩንም እኛው በፈለግነው ቀን መጀመርና መጨረስ እንችላለን፤ አሥራ ሦስት ገጽ ከፍቶ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን መሰየም ብቻ ነው። ጉግል ሺትስ ባልና ሚስት በየስልካቸው አንዱን መዝገብ አብረው እንዲይዙ ይፈቅዳል። ለአንዱ የማረም፣ ለሌላው የማየት ብቻ ፈቃድ መስጠት ይቻላል፤ ማን መቼ ምን እንደለወጠም ያሳያል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንዲሠራም አስቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል። በእርግጥ ይህም ቢሆን በሌላ ድርጅት ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ መዝገብ ነው። ስለሆነም የሚስጥር ቁጥርና ሙሉ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አይጻፍበት፤ መግቢያው በባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይጠበቅ፤ በየወሩ መጨረሻም አንድ ቅጂ በቤት ይቀመጥ።

ሰንጠረዥ የሚከብደው፣ ነገር ግን ገንዘቡን በየጉዳዩ ከፋፍሎ መያዝ የሚቀልለው ቤተሰብ፣ በፖስታ ዘዴ የሚሠራ መሣሪያ ይስማማዋል። ይህ ዘዴ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ነው፤ የኪራዩ ለብቻ፣ የአስቤዛው ለብቻ፣ የዕቁቡ ለብቻ በመሐረብ ጫፍ ይቋጠር ነበር። ጉድበጀት ይህንኑ ወደ ስልክ ያመጣ ነው፤ ወጪው በእጅ ስለሚመዘገብም ባንክ ማገናኘት ግድ አይልም። ጥቂት ፖስታዎች ለሚበቁት ቤት ነፃው ክፍል በቂ ነው።

ነጋዴ የሆነ፣ የሚሰጠውና የሚቀበለው ዱቤ ያለበት፣ ወይም በሁለትና በሦስት ዓይነት ገንዘብ የሚገበያይ ሰው፣ ግኑካሽን ቢማር ይጠቀማል። ይህ ፕሮግራም በራስ ኮምፒዩተር ላይ ስለሚቀመጥ መዝገቡ ከቤት አይወጣም፤ የተለያዩ ገንዘቦችንም አንድ ላይ ይይዛል። የሚሠራው በባለ ሁለት ጎን የሒሳብ አያያዝ ስለሆነ ግን ለጀማሪ ያስቸግራል፤ የሒሳብ ትምህርት ያለው ልጅ በቤት ካለ አብሮ መያዝ ነው።

ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶቻችን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ተለይተው ቀሩ ማለት አይደለም። በመስመር የተከፈለ አንድ ደብተር ከአራቱ ጥያቄዎች ሦስቱን ያለ ችግር ያልፋል። ማስታወቂያ የለውም፤ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ በአቆጣጠራችን ይጻፍበታል። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ከጠፋ ወይም ከተቃጠለ ቅጂ የለውም። ልጁ በወር አንድ ጊዜ የገጹን ፎቶግራፍ ቢያነሣ ይህም ይሞላል።

እንዴት ይጀመራል?

ለማስረዳት ያህል በወር 18,000 ብር የሚያገባ ቤተሰብ እናስብ። ለቤት ኪራይ 6,000፣ ለቀለብ 5,500፣ ለትራንስፖርት 1,500፣ ለልጆች የትምህርት ክፍያ 1,500፣ ለመብራት፣ ለውኃና ለስልክ 700፣ ለየቲሙ 1,000፣ ለዓመት ወጪዎች 1,000፣ ላልታሰበ ነገር 800 ብር ይመደባል። ሲደመር 18,000 ብር ይሆናል፤ ያልተመደበ ብር የለም።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሁለት መስመሮችን ልብ በሉ። የመጀመሪያው «የዓመት ወጪዎች» የሚለው ነው። ለሁለቱ ዒዶች 6,000፣ ለመስከረም የትምህርት መክፈቻም 6,000 ብር ቢያስፈልግ፣ በድምሩ 12,000 ብር ነው። ለአሥራ ሁለት ወር ሲካፈል 1,000 ብር ይደርሳል። ይህ መስመር በሌለበት ቤት፣ ዒድ ሲመጣ ወይም ትምህርት ሲከፈት ያ ወጪ ከአንድ ቦታ መነሣቱ አይቀርም፤ የሚነሣውም አስቀድሜ እንዳልኩት ጠያቂ ከሌለው ነው። የየቲሙን ድርሻ የሚጠብቀው እንግዲህ ይህ መስመር ነው።

ሁለተኛው ራሱ የየቲሙ መስመር ነው። ይህ መስመር በሰንጠረዡ ግርጌ፣ ከተረፈው የሚሰጥ ሆኖ አይጻፍ። ከኪራዩ ቀጥሎ በላይኛው ረድፍ ይጻፍና ደመወዝ በገባበት ቀን ይከፈል። መጠኑ ከአቅም በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ ሰንጠረዡ አስቀድሞ ይነግረናል። በአምስተኛው ወር በድንገት ከሚቋረጥ 1,000 ብር ይልቅ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ 600 ብር ለዚያች እናት ይበልጥ ይጠቅማታል። ልታቅድበት ትችላለችና።

አመዘጋገቡን በተመለከተ፣ በየዕለቱ ከዒሻእ በኋላ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከባንክና ከቴሌብር የመጡትን የዕለቱን መልእክቶች ከፍቶ የወጣውን ማስፈር፣ በእጅ የተከፈለውንም ከትዝታ ሳይጠፋ መጨመር ነው። የአገልግሎት ክፍያው ጥቂት ቢመስልም ይጻፍ፤ በወር ሲደመር የሚያስገርም ሊሆን ይችላል። በሳምንት አንድ ጊዜ ባልና ሚስት አብረው ይመልከቱት። ሰንጠረዡ የሚከፈተው ለመካሰስ አይደለም፤ የቀረውን ገንዘብ አብሮ ለማወቅ ነው። አንዱ የሚይዘው ሌላው የማያውቀው በጀት ብዙም አይዘልቅም። አዲሱ መሣሪያም ለሦስት ወር ያህል ይሞከር፤ እስከዚያ ድረስ የመጀመሪያው ወር ግምት ስሕተት ቢኖርበት አያስደንግጥ፤ ሦስተኛው ወር ከመጀመሪያው ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ይሆናል።

የየቲሙ ገንዘብ ለብቻው

በመጨረሻም የቲም ለምታሳድጉ እናቶች፣ አጎቶችና አያቶች አንድ ቃል አለኝ። በልጁ ስም የሚመጣው ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ ጋር ሲቀላቀል፣ ማንም ክፉ ሳያስብ ልኩ ይጠፋል። ቁርኣን የየቲሞችን ንብረት በምናስረክብበት ጊዜ ምስክር እንድናቆም ማዘዙ የሒሳቡን ክብደት ያሳያል። ስለዚህ በያዛችሁት ሰንጠረዥም ሆነ ደብተር ውስጥ ለልጁ አንድ ገጽ ለብቻው ክፈቱ። የገባበትን ቀን፣ መጠኑንና የወጣበትን ጉዳይ፣ ለደብተር፣ ለሕክምና፣ ለልብስ እያላችሁ ጻፉ። ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ገጹን አብራችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ስለ አሳዳጊዎቹ በልቡ ጥርጣሬ አይቀርም። ገጹ ለለጋሹ የሚቀርብ መተማመኛ እንዲሆን ብቻ አይደለም የምንጽፈው፤ ነገ ልጁ ራሱ እንዲያነበው ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የትኛውንም መሣሪያ ለማውረድ አትቸኩሉ። ዛሬ ማታ ከቤተሰባችሁ ጋር ተቀመጡና የዚህን ወር ገቢ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ የማይቀሩትን ወጪዎች አስፍሩ፤ የየቲሙን መስመር ከላይ አኑሩ። ከዚያ በኋላ ይህንን ወረቀት ሳያበላሽ፣ ሳይሸጥና ሳያስቀር የሚይዝላችሁን መሣሪያ ትመርጣላችሁ። አራቱን ጥያቄዎች ያለፈ ከሆነ የትኛውም ይሁን ይሆናል፤ ያላለፈ ከሆነ ግን ነፃ መባሉ አያታልላችሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችሁን በበረካ ይሙላው፤ የገባችሁትን ቃል የምትሞሉ ያድርጋችሁ፤ የቲሞቻችንንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃልን። አሚን።